ጨርቅ ሳይሰፋ መታጠብ ይገባዋልን?

ለሰው ልጅ ኑሮ ዋና ዋና ከሚባሉት ነገሮች አንዱ ልብስ መሆኑን ሁላችንም ከታችኛው ክፍል ጀምረን ስንማረው ኖረናል። ዳሩ ግን ልብስ እንዴት እንደሚፈተል፣ እንዴት እንደሚሸመን፣ ከተሸመነም በኋላ እንዴት እንደሚቈረጥና እንደሚሰፋ ጠይቆ የሚረዳ ተማሪ ጥቂት ነው። እኔም በዚህ ዓመት መጽሔታችን ልጽፍበት የመረጥሁት ጉዳይ ለአንዳንዱ አንባቢ ትንሽ መስሎ ይታየው ይሆናል፤ ነገር ግን በየቤታችን ብዙ ገንዘብና ብዙ ድካም የሚያድን ወይም የሚያባክን ጉዳይ ነው። ይኸውም አዲስ ጨርቅ ከመቈረጡና ከመሰፋቱ በፊት ይታጠብ ወይስ አይታጠብ የሚለው ጥያቄ ነው።

በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ ስለዚህ ነገር ብንጠይቅ የምንሰማው አሳብ ሁለት ዐይነት ነው። ከልብስ ሰፊዎች ብዙዎቹ ጨርቅ በአዲስነቱ ቢሰፋ ይሻላል ይላሉ። አዲስ ጨርቅ ቀጥ ብሎ ይቈረጣል፤ ከስፌት መኪናው ሥር ሳይንሸራተት ያልፋል፤ ሥራው ሲያልቅም ግርማ ይኖረዋል። ከእናቶች ብዙዎቹ ደግሞ ውኃ ያላየ ጨርቅ አይታመንም ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ከልምዳቸው ስለሚናገሩ፣ አንደኛውን አላዋቂ ማለት አይገባም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ምክንያት መርምሮ፣ የትኛው ለየትኛው ጨርቅ እንደሚስማማ መለየት ያስፈልጋል።

እኔ ይህን ጉዳይ እንድመረምር ያስገደደኝ ከሁለት ዓመት በፊት በቤታችን የሆነው ነገር ነው። እናቴ ለታላቅ እኅቴ የሠርግ ቀሚስ እንዲሆን ጥጡን ገዝታ፣ ዳምጣና አባዝታ፣ አንድ በጋ ሙሉ በእንዝርት ስትፈትል ቈየች። ሸማኔውም ጥለት አግብቶ ደኅና አድርጎ ሠራው። ልብስ ሰፊው ሙያው የተመሰገነ ሰው ነበር፤ ሸማውን እንደ መጣ ቈረጠው፤ ከውስጥ ከሱቅ የተገዛ የፖሊስተር ገበር አደረገበት፤ ደረቱንና እጅጌውንም በጥልፍ አስጌጠው። በሠርጉ ቀን ቀሚሱን ያላደነቀ ሰው አልነበረም። ታጥቦ በደረቀ ጊዜ ግን የላይኛው ሸማ አጥሮ ገበሩ ከታች ብቅ አለ፤ የደረቱ ጥልፍ ተሸበሸበ፤ ዚፑም በግድ የሚዘጋ ሆነ። እኅቴ ያን ቀሚስ ሁለተኛ አልለበሰችውም። እናቴም ማንንም አልወቀሰችም፤ የአንድ በጋ ፈትሏን አጣጥፋ ወደ ሣጥን መለሰችው። ሸማው አልተቀደደም፤ ፈትሉ ክፉ አልነበረም፤ ልብስ ሰፊውም ሙያ አልጐደለውም። ታዲያ ጥፋቱ ከወዴት መጣ?

ጨርቅ ስለምን ያጥራል?

ለዚህ መልስ ለማግኘት አስቀድሞ የጥጥን ጠባይ ማወቅ ያሻል። የጥጥ ጭራ በዐይን ሲታይ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፤ በማጉያ መነጽር ሲታይ ግን የተጠመዘዘ ጠፍጣፋ ጥብጣብ ይመስላል። ይህ ጭራ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል። የሚያብጠውም በርዝመቱ ሳይሆን ይበልጡን በውፍረቱ ነው። በጨርቅ ውስጥ ድሩ በማጉ ላይና ታች እየተመላለሰ ያልፋል። እንግዲህ ማጉ በውኃ ወፍሮ ሲገኝ፣ ድሩ በዚያ በወፈረው ክር ላይ ለመታጠፍ ከቀድሞው የበለጠ ርዝመት ያስፈልገዋል። ያን ርዝመት ከሌላ ቦታ ሊያመጣው ስለማይችል ከራሱ ይወስዳል፤ ጨርቁም ይሰበሰባል። የቃጫ ገመድ ዝናብ ሲመታው ከሮ የታሰረውን ነገር አጥብቆ እንደሚይዝ ያየ ሰው ይህን ነገር በቀላሉ ይረዳዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ውጥረት ነው። ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ሲሠራ ድሩ ተወጥሮ የተያዘ ነው፤ ካልተወጠረ መወርወሪያው ሊያልፍ አይችልም። በፋብሪካም ቢሆን ጨርቁ ከመኪና ወደ መኪና እየተጐተተ ያልፋል። ክሩ ይህን ውጥረት ችሎ ይቈያል፤ ውኃ ባገኘ ጊዜ ግን ላልቶ ወደ ተፈጥሮ ርዝመቱ ይመለሳል። ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ ከወርዱ ይልቅ በቁመቱ፣ ማለት በድሩ በኩል፣ አብዝቶ የሚያጥረው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ነገር ሙቁ ነው። በእጅ ሽመና ድሩ እንዳይበጠስ በእህል ዱቄት በተዘጋጀ ቀጭን ሙቅ የማጠንከር ልማድ አለ፤ ፋብሪካዎችም ስታርችና ይህን የመሰለ ሌላ ማጠንከሪያ ይቀባሉ። ይህ ነገር አዲሱን ጨርቅ ጠንካራና ወፍራም አስመስሎ ያሳያል። በመጀመሪያው እጥበት ሙቁ ሲለቅ ጨርቁ እውነተኛ መልኩን ይገልጣል። ደኅና ጨርቅ ይለሰልሳል፤ በሙቅ ብቻ የቆመ ጨርቅ ግን እንደ ወንፊት ሳስቶ ይቀራል። ገዢ ሳይታለል ይህን ለማወቅ ቢፈልግ፣ ገና በሱቁ ሳለ የጨርቁን ጫፍ በሁለት እጁ ጠበቅ አድርጎ ይሸው፤ ብዙ ነጭ ዱቄት ከረገፈ ጠንቀቅ ይበል።

ይህ ሁሉ በቁጥር ሲገለጽ፣ በፋብሪካ አስቀድሞ እንዳይሰበሰብ ያልተሰናዳ የጥጥ ጨርቅ በመጀመሪያ እጥበቱ ከመቶው ከ3 እስከ 10 እጅ ያህል ሊያጥር ይችላል። መካከለኛውን፣ ማለት ከመቶ 5ን ወስደን እናስላ። ርዝመቱ 140 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀሚስ 7 ሳንቲ ሜትር ያጥራል። የወገቡ ዙሪያ 80 ሳንቲ ሜትር ከሆነና ወርዱም በዚያው መጠን ከተሰበሰበ 4 ሳንቲ ሜትር ይጠባል። ሰባቱ ሳንቲ ሜትር ቁርጭምጭሚት ይሸፍን የነበረውን ቀሚስ ከፍ ያደርገዋል፤ አራቱ ሳንቲ ሜትር ደግሞ ዚፑን አላዘጋ ይላል።

በእጃችን የሞከርነው

በመጽሐፍ የተማርነውን በእጅ መሞከር ከተማሪ የሚጠበቅ ስለሆነ፣ እኔና አንድ የክፍል ጓደኛዬ ከልብስ ሰፊዎች የተራረፈ ቁራጭ ለምነን አራት ዐይነት ጨርቅ አገኘን። እነርሱም የእጅ ፈትል ሸማ፣ አቡጀዲ፣ የደንብ ልብስ ቴትሮንና የፖሊስተር ገበር ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ በቁመትም በወርድም 20 ሳንቲ ሜትር ለክተን በማይለቅ ክር ምልክት አደረግን። ከዚያም ሁሉንም በአንድ ላይ በለብታ ውኃና በሳሙና አጥበን በጥላ አደረቅናቸው።

ሲደርቁ ብንለካቸው ሸማው በቁመቱ 18 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ፣ በወርዱ 19 ከግማሽ ሆኖ ተገኘ። አቡጀዲው በቁመቱ 19 ሆነ። ቴትሮኑና ገበሩ በማስመሪያችን ሊታወቅ የሚችል ለውጥ አላሳዩም። በሁለተኛው እጥበት ሸማው ጥቂት ጨምሮ አጠረ፤ ሌሎቹ ግን ባሉበት ቈዩ። እርግጥ ከእያንዳንዱ የለካነው አንዳንድ ቁራጭ ብቻ ስለሆነ ይህን ቁጥር ለሸማ ሁሉ ሕግ አድርጌ አላቀርበውም። ነገር ግን አንድ ነገር ግልጽ ሆኖልናል፤ ሸማና ፖሊስተር በአንድ ላይ ሲታጠቡ አንዱ ይሰበሰባል፣ ሁለተኛው አይሰበሰብም።

እንግዲህ የጥያቄው ቍልፍ እዚህ ላይ ነው። የጨርቅ ማጠር ብቻውን ትልቅ ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ጠባያቸው የማይመሳሰል ሁለት ጨርቆች በአንድ ስፌት ተጋጥመው አንዱ ሲያጥር ሁለተኛው እምቢ ሲል ነው። ያን ጊዜ ረዥሙ ይሸበሸባል ወይም ከአጭሩ በታች ይወርዳል፤ ስፌቱም በመካከል ይጨነቃል። ክሩ ራሱ ከጥጥ የተሠራ እንደ ሆነ እርሱም አጥሮ ጨርቁን ይሸበሽበዋል። በቤታችን የሆነውም ይኸው ነበር።

ስለ ቀለም

ማጠርን ካወቅን ዘንድ ቀለምንም ማወቅ ይገባል፤ በሸማ ላይ የሚገባው ቀይ ወይም ጥቁር ጥለት በመጀመሪያው እጥበት ለቆ ነጩን ያበላሸበት ሰው ብዙ ነውና። በጥንት ዘመን የክር ቀለም የሚገኘው ከዕፀዋት፣ ከነፍሳትና ከአፈር ነበር። በፋብሪካ የሚሠራውን የመጀመሪያውን የኬሚካል ቀለም በ1856 እ.ኤ.አ. ያገኘው እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፐርኪን ነው፤ በዚያን ጊዜ ዕድሜው ገና 18 ዓመት ነበር። መድኃኒት ለመሥራት ሲሞክር በዕቃው ውስጥ የቀረው ዝቃጭ ሐር የሚያቀልም ሐምራዊ ቀለም ሆነለት። እኛም በዚያው ዕድሜ የምንገኝ ተማሪዎች ይህን ልብ ማለት ይገባናል። ከመቶ ዓመት በኋላ በ1956 እ.ኤ.አ. ከጥጥ ጋር በኬሚካል ተዋሕደው የሚጸኑ ቀለሞች በእንግሊዝ አገር ለገበያ ቀረቡ። ይሁን እንጂ በገበያ የምናገኘው ክር ሁሉ በእነዚህ የቀለመ ስላልሆነ መፈተኑ ይሻላል።

ፈተናው ቀላል ነው። ነጭ ጨርቅ በለብታ ውኃና በሳሙና አርጥበህ የጥለቱን ጫፍ ደጋግመህ እሸው፤ ነጩ ከቀለመ ጥለቱ ይለቃል። አንዳንድ ሰዎች የሚለቅ ቀለም ጨው ባለው ውኃ ቢነከር ይያዛል ይላሉ። ጨው ጨርቅ በሚቀልምበት ጊዜ ቀለሙ ወደ ጥጡ እንዲገባ የሚረዳ መሆኑ እውነት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚለቀውን ቀለም አስሮ የማስቀረት ኃይል የለውም። የሚለቀው ጥለት ውኃው ጥርት እስኪል ድረስ በቀዝቃዛ ውኃ ቶሎ ቶሎ ይለቅለቅ፤ ተዘፍዝፎ ወይም እርጥቡን ተጣጥፎ አይደር። ይህንም ከስፌት በፊት ማድረግ ይሻላል፤ ምክንያቱም ቀለሙ ቢያበላሽ የሚበላሸው ጨርቅ ብቻ ነው፤ ከተሰፋ በኋላ ግን ጥልፉም፣ ገበሩም፣ የሰፊው ዋጋም አብሮ ይጠፋል።

በሌላው ዓለም እንዴት ነው?

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር ሳንፎርድ ክሉዌት የተባለ ሰው ጨርቅ ገና በፋብሪካ ሳለ በእርጥበት ተገፍቶ እንዲሰበሰብ የሚያደርግ መኪና ሠርቶ በ1930 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አገኘበት። በስሙም አሠራሩ «ሳንፎራይዝድ» ተባለ። እንደዚህ የተሰናዳ ጨርቅ በቤት ሲታጠብ የሚያጥረው ከመቶ ከ1 የማይበልጥ ነው። ስለዚህ በጨርቅ ጥቅል ጠርዝ ላይ ይህ ቃል ታትሞ የተገኘ እንደ ሆነ ሳይታጠብ ቢሰፋ ብዙ አያሰጋም። የእጅ ሸማችን ግን በእንዲህ ያለ መኪና ስላላለፈ ይህን ሥራ ልንሠራለት የሚገባን እኛው ነን።

በዚያው በአሜሪካ ቁርጥራጭ ጨርቅ አጋጥመው፣ በመካከሉ ጥጥ ጨምረው፣ ከላይ እስከ ታች በስፌት ወግተው ድርብ ብርድ ልብስ የሚሠሩ ሴቶች ብዙ ናቸው። ከእነርሱም መካከል ጨርቅ አስቀድሞ ይታጠብ የሚሉና አይታጠብ የሚሉ አሉ። አይታጠብ የሚሉት ሰነፎች ሆነው አይደለም። ብርድ ልብሱ ከተሰፋ በኋላ ታጥቦ ሲሰበሰብ የሚያሳየውን ሽብሽብ እንደ ጌጥ ስለሚቈጥሩት ነው። እንግዲህ ሽብሽቡን የሚወድ ሰው ቢተወው ጥፋት የለበትም፤ ጥፋት የሚባለው ሳይፈልጉት ሲመጣ ነው።

በአላባማ ግዛት ጊስ ቤንድ በምትባል መንደር የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ይህን ብርድ ልብስ ሲሠሩ የኖሩት ካለቀ የሥራ ሱሪና ሸሚዝ ነበር። ይህ ጨርቅ በእርሻ ላይ ብዙ ጊዜ ታጥቦ ስለነበር የሚያጥረውን ያህል አጥሮ የጨረሰ ነው። ሥራቸውም በ2002 እ.ኤ.አ. በሂዩስተን ከተማ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለሕዝብ ታይቶ ታላቅ አድናቆት አገኘ። በአገራችን እንዲህ ያለውን የተጣጣፈ ልብስ ድሪቶ እያልን የድህነት ምልክት አድርገን መቈጠራችን ያሳዝናል፤ በደንብ የተጣፈ ጨርቅ የብልኅነትም ምልክት ሊሆን ይችላልና። ከሰልባጅ ልብስ ተፈትቶ የሚሰፋ ነገር ብዙ የማያጥረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መቼ ይታጠብ? መቼ ይተው?

እስካሁን ከተናገርሁት በመነሣት የሚከተለውን ለመለየት ይቻላል።

1ኛ. በልክ ተቈርጦ የሚሰፋ የጥጥ ጨርቅ፣ ይልቁንም ገበር፣ ጥልፍ ወይም ዚፕ የሚገባበት፣ አስቀድሞ ይታጠብ። የእጅ ሸማ ከሆነ ሁለት ጊዜ ቢታጠብ ይመረጣል።

2ኛ. ጋቢ፣ ነጠላና ቡሉኮ በልክ የሚቈረጡ ስላልሆኑ ሳይታጠቡ ቢሰፉ አያሰጋም። ጋቢ አራት እጥፍ ቢሆንም ሁሉም እጥፍ ከአንድ ፈትልና ከአንድ ሸማኔ የመጣ ስለሆነ በአንድነት ይሰበሰባል። በእርግጥ ጥለቱ ከፋብሪካ ክር የተሠራ እንደ ሆነ ጫፉ እንደ ሞገድ ሊሆን ይችላል። ይህ ግን ከሽመናው ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ አስቀድሞ ማጠብ አያድነውም፤ እርጥብ ሳለ በእጅ ማቃናት ብቻ ነው።

3ኛ. ቴትሮንና ፖሊስተር ለማጠር ሲባል መታጠብ አያስፈልጋቸውም። ቀለማቸውን መፈተን ይበቃል።

4ኛ. እንደ በርኖስና ባና ያለ የበግ ፀጉር ሥራ በሙቅ ውኃ ፈጽሞ አይታሽ። የበግ ፀጉር ጭራ ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ስለሆነ፣ በሙቅ ውኃና በመታሸት እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠጥራል፤ ከዚያ ወዲያ አይመለስም።

5ኛ. ከፋይና የወርቅ ክር የገባበት ጨርቅ ውኃ ያበላሸዋልና ሳይታጠብ ይሰፋ፤ ከተሰፋም በኋላ በጥንቃቄ ይያዝ።

6ኛ. ለሕፃናት የሚሰፋ ጨርቅ ምንም ዐይነት ቢሆን አስቀድሞ ይታጠብ። በአዲስ ጨርቅ ላይ የሚቀረው የቀለምና የማሰናጃ ኬሚካል ለለጋ ቆዳ አይስማማም።

አስተጣጠቡ

በመጀመሪያ የጨርቁ ቁመትና ወርድ ተለክቶ ይጻፍ። ጫፉ እንዳይተረተር በሰፋፊ ስፌት ይያዝ፤ የሸማ ዘርፍ ከሆነ ጥቂት ጥቂቱን እያደረጉ መቋጠር ነው። ቀጥሎ በለብታ ውኃ አንድ ሰዓት ያህል ይዘፍዘፍ፤ ውኃው ወደ ክሩ ልብ የሚገባው ቀስ በቀስ ነውና። ከዚያ በጥቂት ሳሙና ቀለል አድርጎ ማጠብና ደኅና አድርጎ ማለቅለቅ ነው። አይጠምዘዝ፤ በድንጋይም አይውቀጥ። በሁለት እጅ ተጨምቆ፣ ድሩና ማጉ ቀጥ እንዲሉ አራቱም ማዕዘን ተስቦ፣ ነጩ በፀሐይ፣ ባለ ቀለሙ በጥላ ይሰጣ። ገና ጠል እንዳለው በካውያ ይተኰስ። በመጨረሻ እንደ ገና ይለካ፤ ወደ ልብስ ሰፊው የሚሄደው ይህ ሁለተኛው ልክ ነው።

ስለ ማጠቢያው አንድ ነገር ልጨምር። አያቶቻችን ነጭ ሸማ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር፤ ዛሬም የሚጠቀምበት አይታጣም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ወንዝ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች የሚገድል መሆኑን በምርምር አስረዱ። እንዶድ ግን ዓሣንም ስለሚገድል፣ በእርሱ የሚያጥብ ሰው እጣቢውን ወደ ወንዝ ባይደፋ መልካም ነው።

የልብስ ሰፊዎች አሳብ

አሁን ወደ ልብስ ሰፊዎች አሳብ ልመለስ። የታጠበ ጨርቅ ለመቈረጥ ያስቸግራል ማለታቸው ትክክል ነው፤ ሙቁ ከለቀቀ በኋላ ጨርቁ ይልፈሰፈሳል። ለዚህ መድኃኒቱ ከእጥበት በኋላ ቀጭን የስታርች ውኃ አርከፍክፎ መተኰስ ነው፤ ያን ጊዜ ጨርቁ እንደ አዲስ ቀጥ ይላል። አዲስነቱ ይጠፋል ለሚለውም መልሱ ይኸው ነው። ልብስ ሰፊው የየደንበኛውን ጨርቅ እያጠበ ሊሰፋ አይችልም፤ ይህ የባለ ጨርቁ ፈንታ ነው። ነገር ግን ደንበኛው ጨርቁን ሲያመጣ «ታጥቧል ወይስ አልታጠበም?» ብሎ አንድ ጊዜ ቢጠይቅ ብዙ ቅሬታ ያስቀራል።

ከሁሉ የበለጠው ችግር ግን የአየራችን ነው። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር ከፍ ያለች ስትሆን ክረምቷም ረዥምና ዝናማም ነው። በሐምሌና በነሐሴ የታጠበ ወፍራም ሸማ ሳይደርቅ ሰንብቶ ይሸታል፤ አንዳንዴም ይሻግታል። እኛ ግን የደንብ ልብስ ጨርቅ የምንገዛው በዚሁ ወራት ነው፤ መስከረም ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ሰፊ ይሮጣል። ስለዚህ ለወላጆች የማቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው። የጥጥ ጨርቅ የሚገዛ ሰው ቢቻለው በበጋ ገዝቶ፣ በፀሐይ ወራት አጥቦና አድርቆ ያስቀምጥ። ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ለሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል አዲስ ልብስ የሚያሰፋም ሰው ጨርቁን በኅዳር ቢያጥብ ፀሐይ አያጣም።

በክረምት ግድ የሆነበት ሰውም መላ አያጣም። በመጀመሪያ የጨርቁ ዐይነት ቴትሮን መሆኑንና አለመሆኑን ይጠይቅ፤ ቴትሮን ከሆነ አሳብ የለውም። ጥጥ ከሆነ ደግሞ ሰፊው ከታች ሰፋ ያለ ቅምቅማት እንዲተው፣ ወገቡንም በጥቂቱ አላልቶ እንዲሰፋ፣ ገበሩንም ከላይ ብቻ ይዞ ከታች እንዲለቀውና ከቀሚሱ ጥቂት እንዲያሳጥረው ይንገረው። ያን ጊዜ ሸማው ቢያጥር ቅምቅማቱ ይፈታል፤ ገበሩም አይታይም። ይህ እንደ እጥበቱ የታመነ ባይሆንም ከምንም ይሻላል።

አንዳንዱ አንባቢ ለአንድ ቀሚስ ይህን ያህል ምርመራ ምን ያደርጋል ይል ይሆናል። ዳሩ ግን ነገሩን በገንዘብ ብቻ መገመት አይገባም። አንድ የእጅ ፈትል ቀሚስ የብዙ ሰው ሥራ ነው፤ ገበሬው በቆላ ያበቀለው ጥጥ፣ ፈታዪቱ ሌሊት በመብራት ያዞረችው እንዝርት፣ ሸማኔው ከጉድጓዱ ሳይወጣ የዋለበት ድር፣ ሰፊውና ጠላፊው ዐይናቸውን ያደከሙበት ስፌት በአንድ ላይ ያሉበት ነው። ይህን ሁሉ ድካም አንድ ገንዳ ለብታ ውኃና የአንድ ቀን ፀሐይ ሊያድነው ሲችል፣ ባለማወቅ ብቻ ከሣጥን ሥር ሲቀር ማየት የሚያሳዝን ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬን በአጭሩ ስመልስ፣ በልክ ተቈርጦ ከሌላ ዐይነት ጨርቅ ጋር የሚጋጠም የጥጥ ጨርቅ ሳይሰፋ መታጠብ ይገባዋል፤ ሳይቈረጥ የሚለበሰውና ከአንድ ዐይነት ጨርቅ ብቻ የሚሰፋው ሰፊ ልብስ ግን ቢተውም አይጐዳም። እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ከጫፉ 20 ሳንቲ ሜትር ለክቶ ቁራጩን ይጠብና ይለካው። ለዚህ የሚያስፈልገው ማስመሪያና ጥቂት ውኃ ብቻ ስለሆነ፣ የክፍል ጓደኞቼ ሁሉ በየቤታቸው ሞክረው ያገኙትን ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ ልዩ ልዩ ሸማ በለካን መጠን የሁላችንም እውቀት ይጨምራልና።